ኩይሳው ውስጥ የነበረው

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና በተወሰደ በስድስተኛው ወር ደብዳቤው ተቋረጠ። አባቴም ከዚያ በኋላ ባሉት እሑዶች ከቤት መጥፋት ጀመረ።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ነበር። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነበር። በወጣትነቱ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ባሕር ዳር ሥራ ያዘ፤ ከዘጌ የመጣችውን የቄስ ልጅ፣ እናቴን፣ አግብቶ በዚያው ቀረ። ከሃያ ዓመት በላይ ጣና ዳር ኖሮም አነጋገሩ ከሸዋ አልወጣም። እኛ «ሄድሁ» ስንል እሱ «ሄድኩ» ይላል፤ ወንድሜ በዚህ ሲቀልድበት ነው ያደገው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ለኮሌጅ የሚያበቃ ውጤት ስላላመጣሁ እዚያው ፋብሪካ ክር የሚጠነጠንበት ክፍል ገብቼ ነበር። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ወንድሜ በሁለት ዓመት ያንሰኛል።

እሑድ ማለዳ እናቴ ከቅዳሴ ሳትመለስ አባቴ ይነሣል። ግማሽ ዳቦ በጋዜጣ ይጠቀልላል፤ ኮዳውን ውኃ ይሞላል፤ አሮጌ የሥራ ኮቱን ደርቦ ይወጣል። የሚመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የት ዋልህ ሲባል «ወዲያ ማዶ» ይላል እንጂ ሌላ አይጨምርም። ጫማው ጭቃ፣ ሱሪው የሣር ፍሬ ለብሶ ይመጣል። እናቴ መጀመሪያ ሴት ጠረጠረች። ቆይታ ግን ስለ ልጁ ሊያስጠነቁል ይሄዳል ብላ ፈራች፤ ለቄስ ልጅ ደግሞ ይህ ከሴት ይብሳል። አንድ ቅዳሜ ጠርታ፣ ነገ ተከተይው፣ ያየሽውንም ሳትደብቂ ንገሪኝ አለችኝ።

ተከተልሁት። የዓባይ ድልድይ ላይ ወታደሮች መታወቂያ ያያሉ፤ እዚያ ላይ መቆምም ሆነ ወደ ታች አተኩሮ ማየት ክልክል ነው። አባቴ አሳይቶ አለፈ። እኔም ከገበያተኛ ሴቶች ጋር ተቀላቅዬ ተሻገርሁ። ወደ ዘንዘልማ የሚወስደውን መንገድ ጥቂት እንደ ሄደ በዳጉሳ ማሳዎች መካከል ታጠፈ። ማሳው ሲያልቅ መሬቱ ድንገት ይወርዳል፤ ከመንገድ የማይታይ ሸለቆ አለ። በመካከሉ ወደ ዓባይ የምትወርድ ትንሽ ወንዝ ትሄዳለች። ዳር ዳሩን ሾላና ዋንዛ ይዞታል፤ ውኃው አጠገብ ሰው የሚውጥ ሣር በቅሏል።

አባቴ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ከዋንዛ ጀርባ ሆኜ የምትመጣውን ሴት ጠበቅሁ፤ ወይም ጠንቋዩን። ማንም አልመጣም። ይጸልያል እንዳልል እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፤ ዓይኑም ክፍት ነው። እግሬ ደንዝዞ ልመለስ ስል፣ ማዶ ካለው ቋጥኝ ላይ የተጋደመ ግንድ የመሰለኝ ነገር ራሱን ቀና አደረገ።

አርጃኖ ነበረች፤ አዞ የምትመስል ትልቅ የውኃ እንሽላሊት። ስሟን እንጂ እሷን አላውቃትም ነበር። ጥቁር ቆዳዋ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ተሰልፏል፤ ጅራቷ ከቋጥኙ ተርፎ ተንጠልጥሏል። ለሁለት የተሰነጠቀ ምላሷን አውጥታ አየሩን ቀመሰች። ሳላስበው ጮህሁ። እሷም ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ውኃ ውስጥ ገባች።

አባቴ ዞሮ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር።

«አስበረገግሻት» አለ። «በይ ተቀመጪ። ዝም ካልሽ ትመለሳለች።»

አጠገቡ ተቀመጥሁ። አንድ ሰዓት ያህል ሳይሆን አይቀርም የጠበቅነው። መጀመሪያ አፍንጫዋ ብቻ ከውኃው ወጣ፤ ከዚያ ራሷ፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወጥታ ያንኑ ቋጥኝ ያዘች። ወደ ቤት ስንመለስ ለእናትሽ ያየሽውን ንገሪያት፣ የምደብቀው የለኝም አለኝ።

ነገርኋት። በደረቱ የሚሳብ ሁሉ ከእባብ ጋር አብሮ የተረገመ ነው ብላ ያደገች ሴት ናት። በመጨረሻ፣ ጠንቋይ ካልሆነ እግዜር ይወቅለት አለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠቀለለው ዳቦ ሙሉ ሆነ።

እንዲህ ሆኖ እኔም እሑድ እሑድ ከእሱ ጋር መውረድ ጀመርሁ። አባቴ ስለ እንስሳት የተማረው ነገር የለም። ዕድሜውን የኖረው ከሽመና መኪና ጋር ነው፤ መኪና ሲበላሽ ግን ከመፍታቱ በፊት ቆሞ ያዳምጣል ይሉት ነበር፤ ሸለቆውንም ያየው እንደዚያው ነው። ከድንጋይ ላይ ራሱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ሰማያዊ እንሽላሊት ለሦስት እሑድ ካየ በኋላ፣ ይህ ሰላምታ ሳይሆን የአጥር ጉዳይ ነው፣ ከዚያች ድንጋይ ወዲህ ሌላ ወንድ እንዳይመጣ ነው አለኝ። እስስት ቅርንጫፍ ላይ ስትሄድ አንዱ ዓይኗ ወደፊት፣ አንዱ ወደ እኛ እንደሚያይ አሳየኝ። ዘንዶ ገፍፎ የጣለውን ቆዳ አገኘን፤ ከዓይኑ ሽፋን ጀምሮ ምንም ያልጎደለው። ዘንዶውን ራሱን ግን አንድም ቀን አላየነውም። አባቴ እንዲያውም እሱ ሳያየን ቀርቷል ብለሽ ነው አለኝ።

በሰኔ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲወርዱ ሸለቆው ድምፅ አወጣ። እንቁራሪቶቹ ከየት እንደ መጡ አይታወቅም፤ ባለፈው እሑድ ስንጥቅ መሬት የነበረው ቦታ ኩሬ ሆኖ በእነሱ ጩኸት ይንቀጠቀጣል። ቆዳው የሻከረው ጓጉንቸር እንቁላሉን እንደ ጥቁር ጨሌ ክር በሣሩ ሥር ይዘረጋል። እንቁላሉ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣቡ ጅራት ያለው ዋናተኛ ሲሆን እሑድን በእሑድ ቆጥረን አየን። የኋላ እግር ቀድሞ እንደሚወጣ ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ ሁሉ ሺህ መሬት የወጣው ግን ጥቂት ነው። አንዳንዱ ኩሬ ቀድሞ ይደርቃል፤ ሌላውን ወፍ ይጨርሰዋል።

ለምን እዚህ እንደሚመጣ የጠየቅሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኮቱን ራሳችን ላይ ጥለን ዝናብ እያሳለፍን ነበር።

«ፋብሪካ ውስጥ በመኪናው ጩኸት ምንም አላስብም» አለ። «ቤት ደግሞ እናትሽ ታለቅሳለች። እኔ ማልቀስ አልቻልኩም። ዝም ብዬ ስቀመጥ ጨካኝ እመስላለሁ። እዚህ ግን ዝም ማለት ራሱ ሥራ ነው።»

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በጳጉሜ፣ አርጃኖዋ እንቁላሏን ስትጥል አየናት። ከወንዙ ከፍ ብሎ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የምስጥ ኩይሳ ነበር። ዝናቡ አርሶት ለስልሷል። በጥፍሯ ጎኑን ስትቆፍር ረፋድ ሆነ፤ ምስጦቹ ራሷ ላይ ሲርመሰመሱ ዓይኗን ጨፈን እያደረገች ትቀጥላለች። ከጉድጓዱ ወጥታ ስትሄድ ሆዷ ጎድሎ ነበር፤ ወደ ኋላዋም አላየችም። በሚቀጥለው እሑድ ምስጦቹ ቀዳዳውን በአዲስ አፈር ደፍነውታል። የተደፈነው ቦታ ከሌላው ቀይ ስለነበር ከሩቅ ይለያል። አባቴን ሥራው አስደነቀው፤ እሷ ትቆፍራለች፣ ቤቱ የተፈረሰበት ደግሞ ይዘጋላታል አለ። መቼ እንደሚፈለፈል አላወቀም። «እናያለን» ብሎ ተወው።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ ቤታችን መጣ። ከፋብሪካው ወጥቶ ሊቀመንበር የሆነ፣ አባቴን የሚያከብር ሰው ነበር። ተቀመጥ ቢባል ተቀመጠ፤ ጠላ ቢቀርብለት ግን አልነካውም። ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ወንድሜ ከጦር ክፍሉ መጥፋቱን የሚገልጽ፣ ወደ ትውልድ ቦታው ከመጣም ተይዞ እንዲመለስ የሚያዝ ነበር። ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፍቶ፣ አባቴ በየሳምንቱ ምግብ ይዞ ማዶ ሸለቆ እንደሚወርድ፣ እኔም እንደምከተለው ሰዎች መናገራቸውን ገለጸ። ልጁን ደብቃችሁ እንደሆነ ራሳችሁ ብታቀርቡት ይሻላል አለ።

እናቴ ግድግዳ ተደገፈች። አባቴ ግን የተከሰሰበትን ነገር የሰማም አልመሰለኝ።

«ወረቀቱ ጠፋ ነው የሚለው?» ብሎ ጠየቀ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሞተ አይልም?»

«አይልም። ጠፋ ነው የሚለው።»

«እስኪ እንደገና አንብብልኝ።»

ሊቀመንበሩ እንደገና አነበበለት። አባቴ ተነሥቶ፣ ነገ ጠዋት እኔው ራሴ ሸለቆውን አሳያችኋለሁ አለ።

በማግስቱ ስምንት ሆነን ወረድን። ሊቀመንበሩ፣ አምስት ጥበቃዎች፣ አባቴና እኔ። ሁለቱ ጠመንጃ፣ ሌሎቹ ዱላ ይዘዋል። ጎረቤቶቻችን ከበር ሆነው ሲያዩን አንድም ሰው እንደ ወትሮው እንዴት አደራችሁ አላለም። አልፈረድሁባቸውም። በቀይ ሽብር ጊዜ ያ ሰፈር ብዙ አይቷል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው።

በጋ ስለሆነ ወንዟ ቀጥናለች። ጥበቃዎቹ ተሰልፈው ሣሩን በዱላ እየመቱ ወደ ላይ ወጡ። አባቴ ከፊት ሆኖ መረገጫውን ያሳያቸዋል፤ እዚህ ያዳልጣል፣ እዚህ ጉድጓድ አለ ይላል። ከሣሩ የሚበረግገው ሁሉ ወደ ውኃው ይሮጣል። አንዱ ጥበቃ ኤሊ በእግሩ ገልብጦ አለፈ፤ አባቴ ጎንበስ ብሎ መለሳት። ሌላው አንዲት አረንጓዴ ቀጭን እባብ በዱላ መትቶ ገደለ። እንቁራሪት ከመብላት በቀር በሰው ላይ ክፉ እንደማታደርግ እኔና አባቴ እናውቅ ነበር። አልተናገርንም።

ሊቀመንበሩ ታዲያ እዚህ ምን ሲሠሩ ነው የሚውሉት ብሎ አባቴን ጠየቀው። አባቴም እነዚህን አያለሁ አለው። ሰውየው ፊቱን አዞረ፤ እንዳላመነ ታየኝ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የማምን አይመስለኝም።

ከዚያ አንዱ ጥበቃ ኩይሳው አጠገብ ቆሞ ተጣራ። የተደፈነውን ቦታ አይቶ ነው። አፈሩ አዲስ ነው፣ የሰው እጅ አለበት፣ መሣሪያ ይሆናል አለ። አባቴ ወደ ፊት ተራመደ።

«መሣሪያ የለም። እንቁላል ነው» አለ። «የአርጃኖ እንቁላል። እባካችሁ ተዉት።»

ይህን ማለቱ ጥርጣሬውን ብቻ ጨመረ። ዶማ አልነበራቸውምና በሳንጃ መቆፈር ጀመሩ። አባቴ ክንዴን ይዞኝ ነበር፤ ሳንጃው በገባ ቁጥር ጣቶቹ ይጠብቃሉ። ምስጦቹ ፈሰሱ። ከዚያ የሳንጃው ጫፍ ረጥቦ ወጣ።

እንቁላሎቹ ነጭ ናቸው፤ ከዶሮ እንቁላል ይረዝማሉ፤ ቅርፊታቸው እንደ ስስ ቆዳ ነው። ሦስቱ ተቀድደዋል። ከአንደኛው ውስጥ ሽሉ እጥፍጥፍ ብሎ ወጣ፤ ጣት የሚያህል፣ ቢጫው ነጠብጣብ ከወዲሁ የወጣበት። አፉን አንድ ጊዜ ከፈተ። ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰም።

ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና አጠለቀው። አባቴ ክንዴን ለቆ ተንበረከከ፤ ያልተቀደዱትን እንቁላሎች በነበሩበት እያስገባ አፈር በእጁ መመለስ ጀመረ። ከጥበቃዎቹ በዕድሜ የገፋው፣ የገጠር ሰው የሚመስለው፣ ጠመንጃውን ዛፍ አስደግፎ አጠገቡ ተንበረከከ። እየጠፈጠፈ፣ የቀረውን ምስጡ ይደፍነዋል፣ ያጥብቁት አለ። ሁለቱም ሲጨርሱ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«በሉ እንሂድ» አለ ሊቀመንበሩ። «እዚህ ሰው የለም።»

አባቴን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወስደው ቃሉን ካስፈረሙት በኋላ በዚያው ቀን ለቀቁት። ወደ ቤት ስንሄድ ፈጥኖ ይራመድ ነበር። ፊቱን ሳየው ከወንድሜ መሄድ ወዲህ ያላየሁት ነገር አየሁበት።

«ሞተ አላሉም» አለኝ። «ጠፋ ነው ያሉት። የጠፋ ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው።»

ይህ ቃል ቤታችንን ሁለት ዓመት አኖረው። እናቴ ማልቀስ ተወች። ሱዳን ገብቶ ይሆናል የሚል አሳብ መጣላት፤ ከመተማ በኩል የሚመጣ ነጋዴ ስታገኝ ትጠይቃለች። የወንድሜን ልብስ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ደረደረች። እኔም አመንሁ። ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ማመን የሚፈልገውን ሲያገኝ አይመረምርም።

በዚያ ዓመት ሰኔ እናቴ ራሷ ከእኛ ጋር ወረደች። ነጠላዋን አጣፍታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች፤ ከሚሳበው ሁሉ ግን ዓይኗን ትመልሳለች። ኩይሳው ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ የተፈለፈሉት ወጥተው ይሁን ሌላ አውሬ በልቷቸው አላወቅንም። አባቴ ወደ ኩሬው ወስዶ ገና እግር ያላወጡትን የእንቁራሪት ልጆች አሳያት። ውኃው በእነሱ ጠቁሯል። እናቴ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች።

«ስንቱ ያድጋል?» አለችው።

አባቴ መልሱን ያውቃል። ባለፈው ክረምት አብረን ቆጥረናል።

«ብዙው» አላት።

መንግሥት በተለወጠ ጊዜ፣ የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ ሲፈስ፣ አንድ ጎልማሳ በምርኩዝ ወደ ቤታችን መጣ። የወንድሜ የጦር ጓድ ነበር፤ ቤታችንን ያገኘው ወንድሜ እየደጋገመ በነገረው ምልክት ነው። አባቴ ወንበር ሰጠው። ሰውየው ውኃ ጠጥቶ ነገረን። ክፍላቸው ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ወንድሜ ትኩሳት ይዞት ነበር። ሁለት ቀን ተሸከሙት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከመንገድ ዳር ግራር ሥር አረፈ። እሱና ሌላ አንድ ጓድ ቀበሩት። ሪፖርት ማድረግ የነበረበት አዛዥ በዚያው ሳምንት ስለሞተ ስሙ ከጠፉት ጋር ተጻፈ።

አባቴ መቼ ነበር አለው። የገና ሰሞን ነበር አለ፤ ዓመተ ምሕረቱንም ነገረው። እናቴም እኔም አባቴም በየልባችን ሳንቆጥር አልቀረንም። ሸለቆው ሲፈተሽ ወንድሜ ከተቀበረ ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ድንኳን ተጣለ፤ አስከሬን የሌለው ለቅሶ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን የቀድሞው ሊቀመንበር መጣ። ከሥልጣኑ ወርዶ፣ ከስቶ፣ ከድንኳኑ ጫፍ ላይ ቆመ። ሰዎች አይተው ዝም አሉት። አባቴ ግን ከተቀመጠበት ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠው። እስከ ማታ አብሮት ተቀመጠ።

ያን ክረምት አባቴ ሸለቆ አልወረደም። ዝናቡ ሲዘንብ በር ላይ ቆሞ ያያል እንጂ። መስከረም ላይ እስኪ ልውሰድህ አልሁት። እሺ አለ። ድልድዩ ላይ መታወቂያ የሚጠይቅ አዲስ ልጅ ነበር። ከሸለቆው ደርሰን ድንጋዩ ላይ እንደ ተቀመጥን፣ ፊቱን ወደ ውኃው እንዳደረገ ተናገረ።

«ያን ቀን ሣሩን ሲመቱ እኔም አብሬ ፈልጌዋለሁ» አለ። «እነሱ ሳያገኙት በፊት እንዳየው ነበር ከፊት የሄድኩት። እዚህ እንደሌለ እያወቅኩ። አንድ ጊዜ ሣሩ ሲንቀሳቀስ ስሙን ልጠራ አፌን ከፍቼ ነበር።»

እጁን ያዝሁት። ያኔ ነው አባቴ ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት።

ከዓመታት በኋላ እናቴን ጠይቄአታለሁ፤ ያ ወረቀት ባይመጣ፣ ያን ሁለት ዓመት በከንቱ ባንጠብቅ ይሻል ነበር ወይ ብዬ። ጥጥ ትፈትል ነበር፤ እንዝርቷን አላቆመችም። በከንቱ አልነበረም፣ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ልጅ ነበረኝ አለች። እኔ እንደ እሷ ማለት አልችልም፤ ተታለልን የሚለው ስሜት ዛሬም አለቀቀኝም። ማን እንዳታለለን ግን ለመናገር ይቸግረኛል።

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላም ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ በየእሑዱ ሄዷል። ካረፈ አሁን ብዙ ዓመቱ ነው። ወደዚያ በኩል ቤት ተሠርቶ፣ ባጃጅ እስከ ሸለቆው አፍ ይደርሳል። ባለፈው ሰኔ ሄጄ ነበር። ቋጥኙ ላይ ሴቶች ያጠቡት ልብስ ተሰጥቷል። ከታች፣ ውኃው ባቆረበት በኩል፣ ሁለት ሦስት እንቁራሪቶች ይጮሁ ነበር። ጥቂት ቆሜ ሰማኋቸውና ወደ ቤቴ ተመለስሁ።